ያዘነበለው ዓምድ፦ ከሮደልሃይም ወደ አንዲት የእንግሊዝ መንደር ቤተ ክርስቲያን

ሐሙስ፣ ሰኔ 2012 በፈረንጆች፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሮደልሃይም፣ ፍራንክፈርት

ጋሽ ተፈራ ቀድመውኝ ወርደው የሕንፃችን በር ላይ ቆመዋል። ግራጫ ኮት፣ ሰማያዊ ክራቫት፣ የተወለወለ ጫማ፣ በእጃቸው ትንሽ ቡናማ ሻንጣ። የገጠር መንደር ሊጎበኝ የተነሳ ሰው ሳይሆን ለሥራ ቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው ነው የሚመስሉት።

«ደህና አደሩ ጋሼ? ብዙ አስቆምኩዎት?»

«ኧረ አሁን መውረዴ ነው» አሉኝ። ውሻዋን አንሸራሽራ የተመለሰችው የምድር ቤት ጎረቤታችን ግን ስትወጣም እዚያው ቆመው እንዳገኘቻቸው በጀርመንኛ ሹክ አለችኝ።

ጋሽ ተፈራን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሰባ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው። በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት መጥተው፣ አብዮቱ መመለሻውን ሲዘጋባቸው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሽታቲከር ነበሩ፤ አንድ ሕንፃ ክብደቱን ችሎ ይቆም እንደሆነ አስልቶ የሚፈርም መሐንዲስ ማለት ነው። እኔ ከሳቸው አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ እኖራለሁ፤ ቦከንሃይም በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ በአስታማሚነት እሠራለሁ። ጥገኝነት ጠይቄ በመጣሁ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት የሚላክልኝን ደብዳቤ ሁሉ ቁጭ ብለው ያነበቡልኝ፣ መልሱንም የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ተራው ተገልብጧል። የዐይናቸው መሐል እየደበዘዘ ስለሄደ ፊት ለፊት ያለውን ነገር አያዩም፤ የሚያዩት ዳር ዳሩን ነው። ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ሆኛለሁ።

ልጃቸው ማርታ መምህርት ስለሆነች በትምህርት ወቅት ፈቃድ አታገኝም። «እንግሊዝ ሄዶ አንድ ቤተ ክርስቲያን ማየት ይፈልጋል። ለምን እንደሆነ አይነግረኝም። ብቻውን ደግሞ አልለቀውም» ብላ ለመነችኝ። እኔ ያልተጠቀምኩበት ኡርላውብ፣ የዓመት ዕረፍት፣ ነበረኝ። ካገኘሁት ስምንት ወር የሆነው፣ ገና አንድ ድንበር ያልተሻገርኩበት የጀርመን ፓስፖርትም ነበረኝ። እሺ ለማለት አልተቸገርኩም። መንፈሳዊ ጉዞ መስሎኝ ነበር።

ኤስ-ባን በሚባለው የከተማ ባቡር ውስጥ የሌሊት ጽዳት ጨርሰው የሚመለሱ ሴቶች ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ያንቀላፋሉ። የኤርፖርት ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት የኛ ልጆች ለጋሽ ተፈራ ተነስተው ቦታ ለቀቁላቸው። ዋናው ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው፣ ደርሰን ሁለት ብሬዝል የሚባል የተጠማዘዘ ዳቦና ሁለት ቡና ገዛሁ። ሰባት ዩሮ ከምናምን ሆነ። ጋሽ ተፈራ ብሬዝሉን በናፕኪን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። አልበሉትም።

ሐሙስ፣ ረፋድ፣ ባቡር ውስጥ

ራይን ወንዝን፣ ኮሎኝን፣ ከባንሆፉ ጎን ጥቁር ተራራ መስሎ የቆመውን ካቴድራል አለፍን። ጋሽ ተፈራ ካቴድራሉ ባለበት በኩል ጭንቅላታቸውን ዘወር አድርገው በዐይናቸው ጠርዝ አዩት።  ድንበሩ ላይ ያለችው አኽን ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«አስቴር፣ የምንሄድበትን ምክንያት ሳልነግርሽ ባሕር መሻገር አልፈልግም።»

እንዲህ አጫወቱኝ። ሃያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዳርምሽታት የምህንድስና ተማሪ ናቸው። በአንድ ክረምት ከየአገሩ ከተሰባሰቡ ተማሪዎች ጋር ወደ እንግሊዝ ገጠር ሄደው የአንድ መንደር ቤተ ክርስቲያንን የግቢ አጥር ይጠግናሉ። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሣር ላይ ሲጋደሙ እሳቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ከሰሜን በኩል ያሉት ዓምዶች ወደ ውጭ ዘንበል ያሉ መሰላቸው። አጥሩን ከሚያሠራቸው ግንበኛ ቱምቢ፣ ጫፉ ላይ ክብደት የተንጠለጠለበት ክር፣ ተውሰው ለኩ። እውነትም አዘንብለዋል። ከዓምዶቹ ራስ በላይ ደግሞ፣ ቅስቱ በሚጀምርበት ቦታ፣ አግድም የሚሄድ ስንጥቅ አዩ።

«የሁለት ዓመት ተማሪ ነበርኩ» አሉኝ። «የሁለት ዓመት ተማሪ የማያውቀው ነገር የለም። ‹ይህ ግድግዳ ሊወድቅ ነው፣ ሕዝብ እንዳይገባ› ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩና ለቄሱ ሰጠኋቸው። ደግ ሰው ነበሩ፤ ፈሪም ነበሩ። አመኑኝ። ቤተ ክርስቲያኑን ዘጉት።»

«ከዚያስ?»

«እኔ ወደ ዳርምሽታት ተመለስኩ። ብርዱ ሲገባ ከቄሱ ደብዳቤ መጣልኝ። አንድ ባለሙያ መርምሮ አደጋ የለውም ብሏል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተከፍቷል፤ እስኪከፈት ድረስ አንድ ሠርግና ሁለት ክርስትና ሌላ ቦታ ሄደው መፈጸማቸውን ነገሩኝ። ‹አይጨነቁ› ብለው ጨረሱ። እኔ መልስ አልጻፍኩም። ዛሬ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ ስል አርባ አራት ዓመት ሄደ።»

መስኮቱ ላይ የቤልጅየም ላሞች ያልፋሉ። 

«ስንት ድልድይና ስንት ሕንፃ ላይ ፈርሜያለሁ» አሉ። «ብዕሩን ባነሳሁ ቁጥር ያ ዓምድ ይመጣብኛል። ባለሙያው ለምን አይወድቅም እንዳለ ቄሱ አልጻፉልኝም። እኔ ደግሞ ስሌቱን ስንቴም ብሠራው ይወድቃል።»

«አሁን ቆሞ ይሆን? ማርታ ኢንተርኔት ላይ ብታይልዎትስ?»

«ልጠይቃት እችል ነበር» አሉ። «አልጠየቅኳትም።»

ብራስልስ ላይ የእንግሊዝ ድንበር ጠባቂ ፓስፖርቴን አገላብጦ የጉዞዬን ምክንያት ጠየቀኝ። ቤተ ክርስቲያን ለማየት እንደሆነ ነገርኩት። የትኛውን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ወደ ጋሽ ተፈራ አመለከትኩ። እሳቸው የመንደሩን ስም ነገሩት። ሰምቶት አያውቅም። ማኅተም እንኳ ሳይመታበት መለሰልኝና «መልካም ጉብኝት» አለኝ። ይኼው ነው። ለዓመታት በየቢሮው በር ላይ የጠበቅኩት ነገር ሁሉ ያለቀው በሁለት ቃል ነው። ጋሽ ተፈራ እስኪያልፉ ድረስ ፓስፖርቱን ደጋግሜ አየሁት።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከለንደን ወደ ምሥራቅ

የባሕር ሥሩ ጉዞ ጨለማና ጆሮ መደፈን ብቻ ነው። ለንደን ላይ ከአንዱ ባቡር ጣቢያ ወደ ሌላው በምድር ውስጥ ተሻገርን፤ ሰዉ ይገፋል፣ ይቅርታ ይላል፣ ደግሞ ይገፋል። ከዚያ ወደ ኖሪች የሚሄደው ባቡር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። አገሩ ሜዳ ነው። ገብስ፣ ቅጠሉ ቆስጣ የሚመስል፣ ስኳር የሚወጣው ሥር፣ በየማሳው ጠርዝ ቀይ አበባ። በየአምስት ደቂቃው ደግሞ ከዛፍ በላይ ብቅ የሚል የቤተ ክርስቲያን ማማ። ቆጥሬ ቆጥሬ ተውኩት።

ከጣቢያው የወሰደን የታክሲ ሹፌር ፖላንዳዊ ነው። እኔና ጋሽ ተፈራ ስናወራ አንዲት የጀርመንኛ ቃል ጣል ስናደርግ ሰማ መሰለኝ፣ መስታወቱ ውስጥ እያየን በጀርመንኛ ጀመረ።

«ኦፈንባኽ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» አለ፤ የፍራንክፈርት ጎረቤት ከተማ ናት። «እዚህ ይሻላል። አለቃዬ ራሴ ነኝ። እናንተ ለምን መጣችሁ? እዚያ መንደር ምንም የለም እኮ። አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን።»

«ቤተ ክርስቲያኑ አለ?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

ሹፌሩ ጥያቄው አልገባውም። «እሁድ እሁድ ደወሉን እሰማለሁ» አለ። «የትኛው መንደር እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እዚህ አካባቢ ሁሉም ይደውላል።»

መንገዱ ጠበበ። የሁለቱም ወገን ቁጥቋጦ የመኪናውን በር ይቧጭራል። ጋሽ ተፈራ እጃቸውን ክንዴ ላይ አደረጉ።

«ይታይሻል?»

«ገና ነው።»

አንድ ኩርባ፣ አንድ የእርሻ ቤት፣ አንድ ኩሬ። ከዚያ ዛፎቹ ተከፈቱ። ግራጫ አራት ማዕዘን ማማ፣ ከአጠገቡ ረጅም ጣሪያ፣ በጣሪያው ላይ እርግቦች።

«ቆሟል ጋሼ» አልኳቸው።

 እጃቸው ክንዴ ላይ ከበደ። በሥራዬ ብዙ የሽማግሌ እጅ ይዣለሁ፤ ሲቀል እና ሲከብድ አውቀዋለሁ።

ማደሪያችን ያው ሹፌሩ ያለን መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ለየብቻ ክፍል ያዝን፤ አንዱ ከቁርስ ጋር ስልሳ ፓውንድ። ጋሽ ተፈራ ዓሣ በሉ፤ እኔ የሐዋርያት ጾም ላይ ስለሆንኩ ድንች ጥብስና የተፈጨ አረንጓዴ አተር በላሁ። አተሩ ጨው ቢጤ ቢጨመርበት ሽሮ ለመሆን ሩቅ አይደለም። የቤቱ ባለቤት የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የሚይዙት ሴት ጋ ደወለና ለጧት ቀጠሮ ያዘልን።

ዓርብ፣ ጧት ሦስት ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑ

ቁልፍ ያዥዋ ወይዘሮ ዶሪን ይባላሉ። ስልሳ አምስት ይሆናቸዋል። የአትክልት ቦት ጫማ፣ ጉልበቱ ላይ አፈር ያለበት ሱሪ፣ እንደ ክንዴ የረዘመ ቁልፍ። የመንደሩን ስም እንደማልጽፍ ያስማሉኝ እሳቸው ናቸው፤ የቱሪስት አውቶቡስ ይመጣብናል ብለው ፈርተው ነው።

«ከፍራንክፈርት ድረስ ይህን ለማየት?» አሉና ደስ ብሏቸው አስገቡን።

ግድግዳው ከውጭ ሲታይ በኖራ የተያዘ ባልጩት ነው፤ ከማሳ የተለቀመ፣ ጡጫ የሚያህል፣ ሲሰበር ውስጡ እንደ ጥቁር ብርጭቆ የሚያበራ። በዚህ አገር ለግንባታ የሚሆን ድንጋይ ስለማይገኝ፣ ለዓምዱና ለቅስቱ የሚሆነው ጥርብ ድንጋይ ከሩቅ በጀልባ ይመጣ ነበር አሉን። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ሰም፣ አሮጌ መጽሐፍና እርጥብ ድንጋይ ይሸታል።

እኛ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ብለን እንደምንከፍለው እነሱም ከፍለውታል። ሕዝቡ የሚቆምበት ረጅም አዳራሽ፤ ከዚያ ጠባብ ቅስት፤ ከቅስቱ በስተጀርባ መሠዊያው። ቅስቱ ክብ ነው። ከኖርማንዲ የመጡ ጌቶች አገሩን ከያዙ በኋላ የተሠራ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጥንታዊ ክፍል እሱ ነው። በጎንና በጎን ያሉት ቅስቶች ደግሞ ጫፋቸው የሾለ ነው፤ እነሱ የተጨመሩት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ሕዝቡ ሲበዛ ነው። ጣሪያው እንጨት ነው፤ ከእያንዳንዱ ወራጅ ጫፍ ክንፉን የዘረጋ የእንጨት መልአክ ይመለከተናል።

ሕዝቡን ከመቅደሱ የሚለየው የእንጨት መጋረጃ ላይ ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ተሥለዋል። ቀይና አረንጓዴ ልብሳቸው ዛሬም ደምቋል። ፊታቸው ግን ተፍቋል፤ ዐሥራ ሁለቱም። ሃይማኖታቸው በተለወጠበት ዘመን ሥዕል ጣዖት ነው ተብሎ በቢላዋ እንደፋቁት ወይዘሮ ዶሪን ነገሩኝ። የግድግዳውን ሥዕልም በኖራ ሸፈኑት። ከበሩ ትይዩ ሕፃኑን ጌታ በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ የሚሻገረው ቅዱስ፣ ኖራው ሲላጥ የተገኘ ነው፤ ከወገቡ በታች ብቻ፣ እግሩና በእግሩ መሐል የሚዋኙት ዓሦች። ሳላስበው አማተብኩ። ወይዘሮ ዶሪን አይተውኝ «እናቴም እንዲህ ዓይነት ነገር ታደርግ ነበር፤ ሰው ሳያያት» አሉ።

ጋሽ ተፈራ ይህን ሁሉ አልሰሙም። ሰሜኑን ግድግዳ በዐይናቸው ጠርዝ እያዩ ቆመዋል።

ዓምዶቹ አዘንብለዋል። እኔ እንኳ፣ ስለ ግንባታ የማላውቀው፣ እንደገባሁ አይቼዋለሁ።

ወይዘሮ ዶሪን እንግዳቸው ወዴት እንደሚያይ አስተውለው ፈገግ አሉ። «ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚያየው። አይፍሩ፣ አይወድቅም። አንድ ጊዜ ግን ይወድቃል ተብለን ነበር።»

ወደ ጋሽ ተፈራ ዞርኩ። አሁንም ዓምዱን እያዩ ነው።

ወይዘሮ ዶሪን ቀጠሉ። «ወጣት ሳለሁ አንድ የጀርመን የምህንድስና ተማሪ መጥቶ ቄሳችንን አስፈራራቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ። ሠርጌ በሦስተኛው ሳምንት ነበር። አያቴም እናቴም የተዳሩት እዚህ ነው። እኔ ግን ስምንት ኪሎ ሜትር ርቄ፣ በዝናብ፣ የወተት መኪና ውስጥ ተጭኜ ሄጄ ተዳርኩ። እናቴ ታማ ነበር። እዚህ ቢሆን ቤታችን አጥር ለአጥር ስለሆነ በወንበር ተሸክመን እናመጣት ነበር። ስምንት ኪሎ ሜትር ግን አልቻለችም። ሠርጌን አላየችም። ለገና አልደረሰችም።» ይህን የተናገሩት ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ እንደተነገረ ነገር በለሰለሰ ድምፅ ነው።

ጋሽ ተፈራ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«እመቤቴ» አሉ በእንግሊዝኛ፣ «ያ ተማሪ ጀርመናዊ አልነበረም። ከጀርመን የመጣ ነበር። እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ዶሪን ትክ ብለው አዩዋቸው። ጋሽ ተፈራ የሚናገሩትን አዘጋጅተው የመጡ ይመስለኛል፤ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጀምረው ተዉት። በመጨረሻ የወጣቸው ይህ ብቻ ነው፦ «ስለ እናትዎ አላውቅም ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ነው የመጣሁት። ዘግይቻለሁ።»

ሴትየዋ ቁልፉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ተራምደው ወጡ። በክፍቱ በር በኩል መቃብሮቹ መሐል ጀርባቸውን ሰጥተው እንደቆሙ አየኋቸው። ጋሽ ተፈራ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። 

ወይዘሮ ዶሪን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲመለሱ ዐይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን የተስተካከለ ነው።

«ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቢጫ ጸጉር ያለው እብሪተኛ ልጅ ነበር በሐሳቤ የምጣላው» አሉ። «አሁን እርስዎን እንዴት እንደምጣላ አላውቅም።» ከዚያ ቁልፉን ወደ ዓምዱ ዘርግተው ጠየቁ። «እስቲ ይንገሩኝ፤ እርስዎ መሐንዲስ ከሆኑ፣ ለምን አልወደቀም? ያ ባለሙያ አንድ ወረቀት ጽፎ ሄደ፤ ወረቀቱም ጠፋ። ቁልፉን ከያዝኩ ሃያ ዓመቴ ነው። እንግዳ ይጠይቀኛል፣ መልስ የለኝም።»

«እኔም የለኝም» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«እንግዲያው ነገ ይምጡና ይፈልጉት» አሉ ወይዘሮ ዶሪን። ይህን ብለው በሩን ቆለፉ።

ቅዳሜ፣ መሰላል ላይ

የእንግሊዝ ቁርስ ለጾመኛ እንዲህ ይመቻል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ባቄላ በቲማቲም ወጥ፣ እንጉዳይ፣ የተጠበሰ ቲማቲም፣ ዳቦ። ጋሽ ተፈራ ሌሊቱን በደንብ እንዳልተኙ ፊታቸው ይናገራል፤ ግን ክራቫታቸውን አስረዋል።

ወይዘሮ ዶሪን ረጅም መሰላልና የሟች ባላቸውን የመሣሪያ ሳጥን ይዘው ጠበቁን። ባላቸው አናጢ ነበሩ። ከሳጥኑ ውስጥ ጋሽ ተፈራ በዳበሳ የነሐስ ቱምቢ አወጡ።

«ማን ይወጣል?» አሉ ወይዘሮ ዶሪን።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። መሰላል እፈራለሁ። ወጣሁ።

መጀመሪያ ጋሽ ተፈራ ዓምዱ ሥር ተንበርክከው ድንጋዩን በጣታቸው ጫፍ ማንበብ ጀመሩ። ከታች ወደ ላይ፣ ረድፍ በረድፍ። «እዚህ የጠራቢው ምልክት አግድም ነው፤ በመጥረቢያ ነው የተጠረበው» ይላሉ። ከራሳቸው በላይ እጃቸው እስከሚደርስበት ድረስ ሄዱ። ቆሙ። ተመለሱ። «አስቴር፣ አንቺ ጋ ያለውን ዳብሺው። ምን ይመስላል?»

«ለስላሳ ነው ጋሼ። ቀጭን ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር አለው፤ በማበጠሪያ የተሳበ ይመስላል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«የሌላ ሰው እጅ ነው» አሉ ለራሳቸው፣ በአማርኛ። «የሌላ ዘመን መሣሪያ ነው።»

ከዚያ የቱምቢውን ክር ከጣሪያው ሥር አስሬ እንድለቅቅ ነገሩኝ። ክሩ ተወዛውዞ ተወዛውዞ ቆመ። በግድግዳውና በክሩ መካከል ያለውን ርቀት ከላይ በጣቴ ለካሁ፤ ሁለት ጣት። አንድ እርከን ወረድኩ፤ ሁለት ጣት። ቅስቱ ጫፍ ላይ፤ ሁለት ጣት። የዓምዱ ራስ ጋ ስደርስም ሁለት ጣት ነው። ከዚያ በታች ግን ዓምዱ ከክሩ እየራቀ ሄደ። ሦስት፣ አራት፣ መሬቱ ጋ ስደርስ እጄ ሙሉ አልበቃም።

ቁጥሩን እየጮኽኩ ነግሬያቸው ስጨርስ ጋሽ ተፈራ «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። ያው ነው።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሳቁ። በዘጠኝ ዓመት ጉርብትና እንዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳይወጣቸው።

«እንግዲህ ይንገሩን» አሉ ወይዘሮ ዶሪን።

ጋሽ ተፈራ መዳፋቸውን ቀጥ አድርገው አቆሙ። «ግድግዳው ካለቀ በኋላ ያዘነበለ ቢሆን ኖሮ፣ ከሥር እስከ ጣሪያ አብሮ ነበር የሚያዘነብለው። ይህ ግን ከታች ብቻ ነው ያዘነበለው። ከላይ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ዓምዶቹ ያዘነበሉት ገና ሲሠሩ ነው፤ መሬቱ ለስላሳ ስለነበረ። ከዚያ ሥራው ቆመ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

«በመንደሩ የሚባለው በታላቁ ወረርሽኝ ጊዜ ግንበኞቹ አለቁ ነው» አሉ ወይዘሮ ዶሪን። «የሚያረጋግጥ ወረቀት ግን የለም።»

«ይሆናል። ለዓመታት ቆመ። መሬቱም ሰጥሞ ሰጥሞ ጠነከረ። ከዚያ ሌሎች ሰዎች፣ ምናልባት የልጅ ልጆቻቸው፣ ሌላ መሣሪያ ይዘው መጡ። ያዘነበሉ ዓምዶች አገኙ። አላፈረሷቸውም። ለኩና መሬቱ መርጋቱን አዩ፤ ከዚያ በላይ ቀጥ አድርገው ገነቡ። ስንጥቅ ያልኩት ነገር ስንጥቅ አይደለም። አንዱ ሰው አቁሞ ሌላው የቀጠለበት መገጣጠሚያ ነው።»

«እርስዎስ እንዴት አላዩትም?» አሉ ወይዘሮ ዶሪን።

«ቱምቢውን ከታች ብቻ ነበር የጣልኩት። መሰላል ለማምጣት አልታገስኩም። ምሳ ሰዓቱ እያለቀ ነበር።»

ወይዘሮ ዶሪን ወደ ዓምዱ ሄደው ድንጋዩን እሳቸው ራሳቸው ዳበሱት፤ መጥረቢያው ያለፈበትን፣ ከዚያ መሰላሉን ወጥተው ማበጠሪያው ያለፈበትን። «በየሳምንቱ አቧራውን እጠርጋለሁ» አሉ። «አንድም ቀን አልነካሁትም።» ከዚያ ሻይ እንድንጠጣ ወደ ቤታቸው ወሰዱን። አጥር ለአጥር ነው፤ ከበር እስከ በር ሠላሳ ሁለት እርምጃ ቆጠርኩ። ጋሽ ተፈራም በልባቸው ሳይቆጥሩ አልቀሩም፤ መንገዱን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

እሑድ

ምእመኑ አሥራ አራት ሰው ነው፤ እኔንና ጋሽ ተፈራን ጨምሮ። ቄሷ ሴት ናት፤ አራት መንደር በመኪና እየዞረች ትቀድሳለች። እኔ ኋላ ቆምኩ። ዜማቸው ለጆሮዬ እንግዳ ነው፤ ግን ድንጋዩ ድምፁን ተቀብሎ ሲመልሰው ጥቂቶቹ ሽማግሌዎች ብዙ ሕዝብ ይመስሉ ነበር።

ቅዳሴው ሲያልቅ ወይዘሮ ዶሪን ተነስተው አንድ እንግዳ የሚናገረው ነገር እንዳለው ተናገሩ። ጋሽ ተፈራ ዓምዱ አጠገብ ቆሙ። ማን እንደሆኑ፣ ምን ጽፈው እንደነበር፣ በዚያ ምክንያት ምን እንደደረሰ ምንም ሳይደብቁ ተናገሩ። የወይዘሮ ዶሪን እናት ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ዓምዱ ላይ አስደግፈው ቀጠሉ። ከዚያ ስለ ሁለቱ ዘመን ግንበኞች አስረዱ። አንድ ዘጠና ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሲሰሙ ቆይተው፣ ከፊት ወንበር ተናገሩ።

«ያን ጊዜ እኔ ነበርኩ አጥሩን ያስጠገንኳችሁ። አጥሩ አሁንም ቆሟል። ግድግዳ ላይ ከምትፈላሰፍ እሱን ብትጨርስ ይሻል እንደነበር ነግሬህ ነበር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ተፈራም ሳቁ።

ከዚያ ወይዘሮ ዶሪን ክንዳቸውን ያዙና ወደ መቃብሩ ወሰዷቸው። እኔ ጥቂት ራቅ አልኩ፤ ግን ይሰማኛል። ሽበት የመሰለ ሻጋታ ያበቀለ ትንሽ ድንጋይ ነው፤ ስሙ ግን በወይዘሮ ዶሪን እጅ ንጹህ ተደርጎ ተጠርጓል።

«እማዬ» አሉ ወይዘሮ ዶሪን፣ «ያ ሰውዬ መጥቷል። ጀርመናዊ አይደለም።»

ጋሽ ተፈራ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ፤ አገር ቤት ለትልቅ ሰው እንደሚነሳው። ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። ወይዘሮ ዶሪን ጠበቋቸው። ሲጨርሱ አብረው ተያይዘው ወደ ቤት ገቡ፤ ምሳ ቀርቦ ነበር።

ሰኞ፣ አመሻሽ፣ ሮደልሃይም

በመመለሻው ጋሽ ተፈራ ከለንደን እስከ ብራስልስ ተኙ፤ አፋቸው ተከፍቶ፣ ክራቫታቸው ኪሳቸው ውስጥ። ከብራስልስ በኋላ ነቅተው ስለ ምንም ነገር ሲያወሩ መጡ፤ ስለ ዳርምሽታት የተማሪ ቤት፣ ስለ ሟች ባለቤታቸው የመጀመሪያ መኪና፣ ስለ ማማዎች። ባቡሩ ሃምሳ ደቂቃ ዘግይቶ ፍራንክፈርት ገባ፤ ማንም ቅር አላለውም።

ማርታ ሮደልሃይም ጣቢያ መድረኩ ላይ ትጠብቃለች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ቦርሳዋ በደብተር ተወጥሯል። አባቷን ሳመች፤ ፊታቸውን አየች፤ ደግማ አየች።

«እንዴት ነበር፣ ፓፓ?» አለች በጀርመንኛ። «ምን ነበር እሱ ቤተ ክርስቲያን?»

«ተሳስቼ ነበር» አሉ ጋሽ ተፈራ በአማርኛ። «ቆሟል።»

ማርታ ወደ እኔ ዞረች። አርባ ዓመቷ ነው፤ «ተሳስቼ ነበር» የሚለውን ቃል ከአባቷ አፍ ሰምታ እንደማታውቅ ያን ዕለት ማታ በስልክ ነገረችኝ።  መድረኩ ላይ ግን ሻንጣቸውን ተቀብላ፣ ክንዷን በክንዳቸው አስገብታ፣ «ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለቻቸው። ደረጃውን ቀስ ብለው ሲወርዱ ጋሽ ተፈራ መዳፋቸውን ቀጥ አድርገው እያቆሙ መናገር ጀምረው ነበር።